እሳት አልሰጥ ያለ ማሽን

«ሽንኩርቱ ውሃ ካየ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው» አሉ ገበሬው፣ የሞተር መቀመጫቸውን ከአህያ ጋሪ ላይ እያወረዱ። ከማዕዘን ብረት የተሠራው ፍሬም ከእግሩ በላይ ተሰንጥቋል። አይገርምም። የናፍጣ ሞተር ቀን ከሌት እየተንቀጠቀጠ ውሃ ሲስብ የተቀመጠበትን ብረት ሳይሰነጥቅ አይቀርም። ቆቃ ላይ ከሐይቁና ከአዋሽ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ሰው በያጁን የሚያውቀው እንደ ነፍስ አባቱ ነው።

ብየዳ ቤቱ ዋናው መንገድ ዳር ነው። በአንድ ወገኑ ዓሣ ይጠበሳል፣ በሌላው የከባድ መኪና ጎማ ይነፋል። እኔ ወደ መቂ የሚሄድ መኪና እየጠበቅሁ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። ረዳት ሆኖ የሚሠራው ልጅ ማሽኑን ሰካ። ማራገቢያው ዞረ፣ አረንጓዴው መብራት በራ። ኤሌክትሮዱን ፍሬሙ ላይ ጫረ፤ ምንም የለም። ደግሞ ጫረ። ከሲጋራ ጫፍ የማትበልጥ ቀይ ብልጭታ ብቅ ብላ ጠፋች። በሦስተኛው ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ልጁ እየወዘወዘ ነቀለው።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ሞቷል።»

ባለቤቱ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «እስቲ ቴስተሩን አምጣ» አለው። ልጁ አንዱን ሽቦ ማሳው ላይ፣ ማለትም የመመለሻውን ኬብል ከፍሬሙ ጋር በሚያገናኘው መቆንጠጫ ላይ፣ ሌላውን ኤሌክትሮድ መያዣው ላይ አሳረፈ። 62 ቮልት።

«አልሞተም፤ ይተነፍሳል» አለ ባለቤቱ።

ልጁ ግን አላመነም። ካቻቢቴ አነሳና የማሽኑን ሽፋን ሊፈታ ቁጢጥ አለ። ይህን ምዕራፍ ያስጻፈኝ ያ ካቻቢቴ ነው። የብየዳ ማሽን እሳት አልሰጥ ባለ ቁጥር እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽፋኑ ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከሽፋኑ ውጭ፣ መሬት ላይ የሚጎተተው ነገር ውስጥ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለመረዳት እሳቱ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

ብየዳ ኤሌክትሪክን በአየር ውስጥ እንዲሄድ ማስገደድ ነው። አየር ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አንድ ሚሊ ሜትር አየር ሰብሮ ለማለፍ 3,000 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር ጫፉ ላይ የሚሰጠን ግን ከ50 እስከ 80 ቮልት ነው፤ ከዚያ በጣም በላይ ቢሰጥ በያጁን ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ኤሌክትሮዱን ብረቱ አጠገብ አድርሰን ቀኑን ሙሉ ብንጠብቅ እሳት አይመጣም። መንካት ግድ ነው። ሲነካ ጫፉ ላይ ያለችው የመርፌ ነጥብ የምታክል ቦታ ብዙ አምፔር ይጎርፍባታል፤ ትግላለች፣ ትቀልጣለች፣ ትተናለች። ልክ በዚያ ቅጽበት ኤሌክትሮዱን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብናነሳው ከኋላው የቀረው አየር ሳይሆን የጋለ የብረትና የሽፋን ተን ነው። ይህ ተን ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ያ ድልድይ ነው አርክ የሚባለው፤ ሙቀቱ 6,000 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ብረት ደግሞ 1,500 ገደማ ላይ ይቀልጣል። አንዴ ከተዘረጋ በኋላ ድልድዩን ለማቆየት ከ20 እስከ 30 ቮልት ይበቃል።

እንግዲህ ክብሪት እንደመጫር ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ቶሎ ያነሳው ሰው ተኑ ሳይፈጠር ያመልጠዋል፤ የዘገየው ደግሞ ኤሌክትሮዱን ከብረቱ ጋር ያጋባዋል። ጀማሪ ለመሥራት ሦስት ቀን የሚፈጅበት ይህ የእጅ አመል እንጂ ሳይንሱ አይደለም። ማሽኑም ኤሌክትሮዱም ደህና ሆኖ እጅ ብቻ የጠፋበት ጊዜ አለ። ልጁ ግን ጀማሪ አልነበረም፤ ያን ዕለት ጠዋት ሁለት የመስኮት ፍርግርግ በይዷል።

የሰው ልጅ ይህን ድልድይ ካወቀ 200 ዓመት አልፎታል። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል አሳይቶታል። ብረት ለማጣበቅ የዋለው ግን ቆይቶ ነው፦ ኒኮላይ ቤናርዶስ የሚባል በሩሲያ ግዛት የኖረ ፈልሳፊ በ1881 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በከሰል ዘንግ በየደ፣ ስላቭያኖቭ የሚባለው መሐንዲስ ደግሞ በ1888 ዘንጉን ራሱን ብረት አደረገው። ራቁቱን የነበረውን ሽቦ ልብስ ያለበሰው ስዊድናዊው ኦስካር ሼልበሪ ነው፤ ዛሬ ኤሳብ በሚል ስም የምናውቀውን ኩባንያ በ1904 የመሠረተው እሱ ነው። ያ ግራጫ ልባስ ለጌጥ የተቀባ አይደለም። ሲቃጠል ጋዝ እየሆነ አየሩን ከቀለጠው ብረት ያርቃል፣ ጥቀርሻ ሆኖ ይሸፍነዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ውስጡ ያለው ፖታሲየምና ቲታኒየም ድልድዩ እንዳይፈርስ ይጠብቃል።

ይህ የመጨረሻው ነገር እኛ አገር ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖቻችን በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሠራሉና። ከግድግዳ የሚመጣው 50 ሄርትዝ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ይደርሳል። ማለትም እሳቱ በየሰከንዱ መቶ ጊዜ ይሞታል፣ መቶ ጊዜም ይነሳል። ደግፎ የሚያስነሳው ያ ልባስ ነው። ልባሱ የረጠበ ወይም የተፈረፈረ ኤሌክትሮድ በጥሩ ማሽን ላይ እንኳ «ጠሽ ጠሽ» ብሎ የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለ 50 ሄርትዝ ከተነሳ ከቆቃ ወዲያ መሄድ አያስፈልግም። ግድቡ እዚሁ አጠገብ ነው። በ1952 ዓ.ም. ተመርቆ ሥራ ሲጀምር እያንዳንዳቸው 14.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሦስት ተርባይኖች ነበሩት፣ በድምሩ 43.2። ገንዘቡ ኢጣሊያ ለወረራው ከከፈለችው የጦር ካሳ ነው። ነገሩ ያስቀኛል፤ ምክንያቱም በያጁ ቤት የቀረው ዕቃ ስሙ ጣሊያንኛ ነው። ላሜራ፣ ፌሮ፣ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። የዛሬው ባለጉዳያችን ማሳም እንዲሁ። ካሳው በሜጋ ዋት ተከፍሎ ሲያልቅ ቃሉ ሳይመለስ እኛው ጋ ቀረ።

ከግድቡ ሥር መኖር ግን መብራቱን አያጠነክረውም። ከተርባይኑ የሚወጣው ኃይል ወደ ከፍተኛ መስመር ተሰቅሎ ወደ አገሪቱ መረብ ይሄዳል፤ ወደ ከተማው የሚመለሰው በሌላ መንገድ፣ በ15 ሺህ ቮልት መስመር መጥቶ ትራንስፎርመር ላይ ወደ 380 እና 220 ተቀይሮ ነው። ከትራንስፎርመሩ እስከ ብየዳ ቤቱ ያለው ሽቦ ሲረዝም፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ፣ 220 የተባለው 190 ይሆናል፤ 180ም ይሆናል። የድሮው ባለ ትራንስፎርመር ማሽን በወረደው ልክ አብሮ ይወርዳል፦ በ220 ላይ 60 ቮልት ይሰጥ የነበረው በ180 ላይ 49 ብቻ ይሰጣል። ጠዋት ያለ ችግር የተነሳ ኤሌክትሮድ ማታ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ልምድ ያለው በያጅ ከባዱን ሥራ ለጠዋት የሚያቆየው ለዚሁ ነው፤ ምክንያቱን ባይነግርህም ያደርገዋል።

ከቆጣሪው እስከ ማሽኑ ያለው ማራዘሚያ ደግሞ የራሱን ድርሻ ይበላል። ስሌቱን አንዴ ማየት ይጠቅማል። 50 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ ሄዶ ሲመለስ 100 ሜትር ነው፤ መቋቋሙ 0.7 ኦም ይሆናል። ማሽኑ 20 አምፔር ሲስብበት 14 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ባለ 1.5 ሽቦ ከሆነ 23። እዚያው ላይ ሽቦው እንደተጠቀለለ ከተተወ ይግላል። 190 ቮልት የነበረው መብራት ማሽኑ ጋ ሲደርስ 167 ሆነ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ሽፋን መፍታት አያስፈልግም፤ ማሽኑ እየበየደ ሳለ ሶኬቱ ላይ ቴስተር ማድረግ ይበቃል። «እየበየደ ሳለ» የሚለውን ልብ በሉ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ገበያውን የሞሉት በትከሻ የሚንጠለጠሉት ኢንቨርተሮች ሌላ ጠባይ አላቸው። 220ውን ተቀብለው ወደ 310 ገደማ ቀጥተኛ ቮልት ይለውጡታል፣ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይቆራርጡታል፣ በትንሽ ትራንስፎርመር አሳልፈው እንደገና ቀጥተኛ ያደርጉታል። ለዚህ ነው ክብደታቸው እንደ ሕፃን ልጅ የሆነው፤ የድሮዎቹን ለማንሳት ሁለት ጎረምሳ ያስፈልግ ነበር። ግን ቅንጡዎች ናቸው። መብራት ሲወርድ ወይም ሲግሉ ቢጫ መብራት አብርተው ሥራ ያቆማሉ፤ ማራገቢያው እየዞረ እሳት ይከለክላሉ። ያን ጊዜ ማሽኑን መስደብ ሳይሆን ጥላ ውስጥ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው የሚሻለው። የቆቃ ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ማሽን ከበያጁ በፊት ቢደክም አይፈረድበትም።

እነዚህ ማሽኖች ለበጎ ተብሎ የተሰጣቸው ብልሃትም ሰው ያሳስታል። አንዳንዶቹ ኤሌክትሮዱ ሲጣበቅ በራሳቸው ኃይሉን ይቆርጣሉ፤ ጀማሪው ሞቱ ብሎ ያስባል። አንዳንዶቹ ለደኅንነት ሲባል ሳይነኩ የሚሰጡት ቮልት ከ15 ያልበለጠ ነው፤ የሚነቁት ኤሌክትሮዱ ንጹሕ ብረት ሲነካ ነው። ዝገት ወይም ቀለም ላይ ቢጫር አይነቁም። ለአርጎን ብየዳም የሚሆኑት ደግሞ ፊታቸው ላይ መቀየሪያ አላቸው። ዕቃ ሲጭን የነካው ሰው ካለና መቀየሪያው ወደዚያ ከዞረ ኤሌክትሮድ ሙሉ ቀን ቢጫር አይለኮስም። ይህን መቀየሪያ ሳያይ ማሽኑን ጥገና ቤት ወስዶ ገንዘብ ከፍሎ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ቅርቤ ነው፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ወደ ኤሌክትሮዱ እንምጣ፤ እሱም ተከሳሽ ነው። ብየዳ ቤቶቻችን በብዛት የሚጠቀሙበት 6013 የሚባለው ታጋሽ ነው፤ በተለዋዋጩም በቀጥተኛውም፣ በደካማ ማሽንም ይነሳል። 7018 ግን ለከባድ ሥራ የተሠራና ኩሩ ነው፤ በተለዋዋጭ ማሽን ላይ 70 ቮልት ገደማ መነሻ ይፈልጋል። 55 የሚሰጥ ማሽን ላይ አልነሳ ሲል ጥፋቱ የማሽኑም የኤሌክትሮዱም አይደለም፤ ያጋባቸው ሰው ነው። አምፔሩም ከውፍረቱ ጋር መስማማት አለበት፦ ለባለ 2.5 ሚሊ ሜትሩ ከ60 እስከ 100፣ ለባለ 3.2ቱ ከ90 እስከ 140 ገደማ። ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ በ60 አምፔር መጫር እርጥብ እንጨት በክብሪት እንደመለኮስ ነው።

ጫፉንም እዩት። ግማሽ ሆኖ የተተወ ኤሌክትሮድ ሲቀዘቅዝ ጫፉ በጥቁር መስታወት መሰል ጥቀርሻ ይደፈናል። ያ መስታወት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ሲሚንቶ ላይ አንዴ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ሲያደርጉት ይሰበርና የሽቦው ብርማ ዓይን ብቅ ይላል። ሌላኛው ራቁት ጫፉ ላይ፣ መያዣው የሚነክሰው ቦታ፣ ዝገት ካለ እርጥበት አግኝቶታል ማለት ነው። ፓኬቱ ተከፍቶ ሐይቅ ዳር ክረምት ካሳለፈ ሌላ ምልክት መፈለግም አያስፈልግም። 6013ን 100 ዲግሪ ገደማ ላይ አንድ ሰዓት ማድረቅ ይበቃዋል፤ 7018 ከ300 በላይ ይፈልጋል፣ ይህን ያህል ደግሞ ፀሐይ ላይ በማስጣት አይገኝም። ብልህ በያጆች የሞተ ፍሪጅ ውስጥ የድሮ ክር አምፖል አብርተው ኤሌክትሮዳቸውን እዚያ ያኖራሉ። ማቀዝቀዣ የነበረው ማሞቂያ ይሆናል። ከዚህ የተሻለ የፍሪጅ ጡረታ አላየሁም።

የዚያን ዕለት ልጁ ይህን ሁሉ አድርጓል። ኤሌክትሮድ ቀይሯል፣ ጫፉን ሰብሯል፣ አምፔሩን ከፍ አድርጓል። ማሳው የነከሰበትን የፍሬም እግር በሽቦ ብሩሽ ፍቆ አብርቷል። ማሳው ራሱ አዲስ ነው፤ ጥርሱ ይነክሳል። ቴስተሩም 62 ብሏል። ስለዚህ በእሱ ሒሳብ የቀረው የማሽኑ ሆድ ብቻ ነው።

«ተው እሱን፤ መጀመሪያ ዙሩን ጨርስ» አለው ባለቤቱ።

ዙሩ ያለው ምን እንደሆነ ላስረዳ። ጅረቱ ከማሽኑ ወጥቶ በኬብሉ ወደ መያዣው፣ ከመያዣው ወደ ኤሌክትሮዱ፣ ከኤሌክትሮዱ በእሳቱ በኩል ወደ ፍሬሙ፣ ከፍሬሙ ወደ ማሳው፣ ከማሳው በሁለተኛው ኬብል ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ሄዶ የማይመለስ ጅረት የለም። እኛ ግን ዓይናችን የሚያየው እሳቱ ያለበትን ግማሽ ነው። ኤሌክትሮድ እንመርጣለን፣ መያዣ እንቀይራለን፤ የመመለሻውን ኬብል ግን መሬት ላይ ጥለን ጋሪ እናስኬድበታለን። አንዳንዱም ማሳውን ፍሬሙ ላይ ማድረግ ይሰለቸውና ጠረጴዛው ላይ፣ ወይም ከግድግዳው በወጣ ፌሮ ላይ ነክሶ ይተወዋል፤ ጅረቱ መመለሻውን ፈልጎ በየብሎኑ በየዝገቱ ሲንከራተት ይውላል። ሞተሩ ሳይወርድ የሚበየድ ከሆነ ደግሞ በኩሽኔታው በኩል አልፎ ኳሶቹን ሊበላ ይችላል፤ ገበሬው በሳምንቱ ተመልሰው ሲመጡ «ሞተሩ ይጮሃል» ይላሉ፤ ማንም ከብየዳው ጋር አያያይዘውም።

ግን 62 ቮልት አለ አይደል? ልጁም ይህንኑ ነው ያለው። የዚህ ምዕራፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። ቴስተር ቮልት ሲለካ የሚጠጣው ጅረት ከምንም አይቆጠርም። ኬብሉ ውስጥ ካሉት በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንዲት ብቻ ብትቀር፣ ያችም ዝጋ፣ ለቴስተሩ በቂ መንገድ ናት፤ 62ቱን ሳትቀንስ ታደርሳለች። «ጢጥ» እያለ የሚጮኸው መፈተሻም ያው ነው፤ ብዙ ኦም ያለበትን መስመር እንኳ ደህና ነው ብሎ ይጮሃል። እሳቱ የሚፈልገው ግን 80 አምፔር ነው። እንዲህ በተበላ ቦታ ላይ ግማሽ ኦም ብቻ ቢኖር፣ 80 አምፔር ሊያልፍ ሲሞክር 40 ቮልት እዚያው ይቀራል። ከ62 ላይ 40 ሲነሳ 22። ለ80 አምፔር እሳት የሚያስፈልገው ደግሞ 23 ገደማ ነው፤ ያውም ማሽኑ ራሱ ሸክም ሲያርፍበት ከ62 ዝቅ የሚለውን ሳንቆጥር። ድልድዩ ሊዘረጋ አንድ ክንድ ሲቀረው ይፈርሳል። ቀይዋ ብልጭታ እሷ ነበረች።

ቮልት መኖሩ አቅም መኖሩን አያሳይም ማለት ነው። የማይሠራ ዙር የሚለካው ሸክም ተጭኖበት ነው። ማሽኑ እየተጫረ ሳለ የቴስተሩን አንድ ሽቦ የማሽኑ ማሳ መውጫ ላይ፣ ሌላውን ፍሬሙ ላይ ብናደርግ ከአንድ ሁለት ቮልት በላይ ማሳየት አልነበረበትም። 20 ወይም 30 ካሳየ ሌባው እነዚያ ሁለት ነጥቦች መካከል ተቀምጧል። በመያዣው በኩልም እንዲሁ።

ባለቤቱ ቴስተሩን አልተጠቀመም። «አንዴ አጣብቀህ ያዘው» አለ። ልጁ ኤሌክትሮዱን አጣብቆ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያዘ፣ ነቀለው፣ ማሽኑን አጠፋ። ባለቤቱ የመመለሻውን ኬብል ከማሽኑ ጀምሮ በመዳፉ እየዳበሰ ወደ ማሳው ሄደ፤ እናት የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳብስ። ግማሽ ኦም ላይ 80 አምፔር ማለት 3,200 ዋት ነው፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያግል ኃይል። ሁለት ሰከንድም ብትሆን ትታወቃለች። ማሳው ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው እጁ ቆመ። ጎማው ሞቋል። ጨበጥ አድርጎ አጠፈው፤ ሌላው ቦታ እንደ ጅማት የሚገፋው ኬብል እዚያ ላይ እንደ ባዶ ከረጢት ተጣጠፈ።

ጎማውን በቢላ ሰነጠቀው። ውስጡ ያለው መዳብ ከፊሉ አረንጓዴ፣ ከፊሉ ጥቁር ሆኗል፤ ሲነኩት እንደ ሻይ ቅጠል ይረግፋል። ባለፈው ወር ማሳው ሲቀየር ኬብሉ አልታየም ነበር። ስንት ክር እንደቀረ ልቁጠር ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ ሰባት ቆጥሬ የቀረው እጄ ላይ ተበጠሰ።

ሽፋኑ ቢፈታ ኖሮስ? ልጁ ኢንቨርተር ነው የሚከፍተው። መሰኪያው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ለደቂቃዎች ከ300 ቮልት በላይ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ውስጡ አሉ፤ በላብ በረጠበ እጅ ካቻቢቴ ይዞ መግባት ቀልድ አይደለም። መከፈት ያለበትም ጊዜ አለ፣ አልክድም፦ መብራት ገብቶ ማራገቢያ ካልዞረ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ ወይም የድሮው ማሽን ሳያጉረመርም ዝም ካለ። የድሮው ማሽን ሲያጉረመርም የገቢው ጥቅል ደህና ነው ማለት ነው፤ እያጉረመረመ ጫፉ ላይ ቮልት ከሌለ መውጫው ብሎን ላይ መፍታታት ወይም መቃጠል አለ። አሉሚኒየም የተጠቀለለባቸው ላይ አሉሚኒየሙ ከመዳብ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቶሎ ይበላሻል። ለኢንቨርተሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው በየጥቂት ወሩ የመንገድ ዳሩን አቧራ በደረቅ አየር ማራገፍ ነው። ከግራይንደር የሚበነው የብረት ብናኝ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ከተራ አቧራ ይከፋል። ግራይንደሩንና ማሽኑን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ብየዳ ቤት ማሽን ቶሎ ቶሎ ይገዛል።

ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ጣለ፣ ጤነኛው ቀይ መዳብ እስኪመጣ አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሄደ። ጫፉ ላይ የመዳብ ጆሮ አስገብቶ በመዶሻ ጨመቀው፣ ማሳው ላይ በብሎን አጠበቀው። ኬብሉ አጠረ፤ ልጁ ማሽኑን ወደ ፍሬሙ አስጠጋ። ጫረ። በመጀመሪያው ተነሳ፤ ያ ዘይት መጥበሻ ላይ እንደፈላ ያለ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ሁላችንም ፊታችንን አዞርን።

ስንጥቁን ከሁለት ወገን በየዱት፣ ከጎኑም አንድ ቁራጭ ብረት ደረቡበት። ገበሬው ጥቀርሻው ገና ሳይረግፍ ከጎማ ቤቱ ባልዲ ውሃ አምጥተው ሊያፈሱበት ሲሉ ባለቤቱ እጁን ዘረጋ።

«ኦቦ፣ ብየዳውን ተውት፤ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። ውሃው የሚያስፈልገው ሽንኩርቱ ነው።»